የውሃልክ መንጋጋ

ሰፈሩ ሁሉ ውሃልክ ይለዋል። አናጢ ነው፤ ስሙም የወጣለት ከሥራ መሣሪያው ነው። መስኮት ገጥሞም ሆነ ጠረጴዛ አቁሞ፣ ያቺን ውስጧ አረፋ የምትዋልል አጭር ዘንግ ሳያሳርፍበት «ጨረስኩ» ብሎ አያውቅም። በእንግድነት የሄደበት ቤት እንኳ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ጨዋታው አይጥመውም፤ ተነስቶ ያቃናውና ተመልሶ ይቀመጣል። ባለቤቶቹ ቢስቁ ባይስቁ ደንታው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የራሱ አገጭ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ሲሄድ በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሞ ማየት ምን ያህል እንዳቃጠለው መገመት አያዳግትም።

የታች ጥርሶቹ ካለቁ ዓመታት አልፈዋል። ጥፋቱ የራሱ ነው። አንዱ ሲያመው ያስነቅላል፣ ሲያስነቅል ተገላገልኩ ይላል፣ ሌላው ሲያመው ደግሞ «ሥራ ቀለል ሲለኝ እታከማለሁ» ይላል፤ ሥራ ቀሎት አያውቅም። በመጨረሻ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራ። መጀመሪያ ላይ ልክክ ብሎለት ነበር። እያደር ግን ይላወስ ጀመር፤ ሲናገር ይነሳል፣ ሲያኝክ ይንሸራተታል፣ ሲያስነጥስማ በእጁ ካልደገፈው ጉድ ይፈላል።

ጉዱም አልቀረ ፈላ። ሴት ልጁን ያገባው ልጅ ወላጆች እሱንና ባለቤቱን እራት ጠርተዋቸው ነበር። ጨዋታው ደርቷል። የልጁ አባት ጥርስ የማያስከድን ቀልድ ጣል ሲያደርግ ውሃልክ ከሆዱ ሳቀ፤ የታችኛው ጥርስ ከነሰው ሠራሽ ድዱ ተስፈንጥሮ ወጣና የሰላጣው ሳህን አጠገብ ቁጭ አለ። ማንም ምንም አላለም። የቤቱ እመቤት ዓይኗን ሳትሰብር «ሾርባ ልጨምርልዎት?» አለችው። የገደለው ያ ይሉኝታ ነው። ቢስቁበት ኖሮ አብሮ ይስቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዳላየ ሲሆን ግን መግቢያ ጠፋው። ጥርሱን በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና እስኪሄዱ ድረስ አፉን አልከፈተም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት በልቶ አያውቅም። ሰው ሲባል ባለቤቱንም ይጨምራል። ምግቡን በሳህን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ያለው ወርክሾፑ ይገባል፣ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፣ ዳቦውን በሾርባ አርሶ በድዱ እያላመጠ ይውጣል። ባለቤቱ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥላ ተቆጣችው፣ ኋላ ዝም አለችው። «ይኼ አፌ ይስተካከልልኝና አብረን እንበላለን» ይላታል። እንዲህ ሲላት ሁለት ዓመት አለፈ።

የጥርስ ሐኪሟን ያገኘችለት ልጁ ናት። ሐኪሟ ከልጁ ብዙ አትበልጥም፤ ነገር ማስረዘም አትወድም። ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችው።

«አዩት አባባ? ይኼ የታችኛው መንጋጋዎ ነው። ከፊት በኩል እስከዚህ ድረስ መድረስ ነበረበት። የቀረልዎት ይቺው ናት።»

«አጥንቴን ምን በላው?»

«ምንም አልበላውም፤ ሥራ ፈታ። አጥንት የሚኖረው ጥርስ ሲሸከም ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሰውነት ‹ለማን ብዬ ልቀልበው?› ይልና ይተወዋል። ከተነቀለበት ዓመት ጀምሮ ትንሽ በትንሽ ይሟሽሻል። ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚዘልብዎት ለዚህ ነው፤ የሚቀመጥበት የለውም።»

መድኃኒቱ፣ አለች፣ ሁለት ብሎን መንጋጋው ውስጥ ቀብሮ ጥርሱን እሱ ላይ ማሰር ነው። ግን ብሎን የሚይዝ አጥንት የለም።

«ሳንቃው ሳስቷል ማለት ነዋ» አለ ውሃልክ።

«በትክክል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥንት እንጨምራለን። ከራስዎ ነው የምወስደው፤ ከኋላ፣ ከመንጋጋዎ ማዕዘን፣ የማይጎዳዎት ቦታ አለ። ከዚያ ቁራጭ አነሳና ከፊት አስቀምጠዋለሁ። ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ደግሞ በአጥንት ዱቄት እሞላዋለሁ። ዱቄቱ ከከብት አጥንት ተጣርቶ የሚዘጋጅ ነው፤ በእርስዎ ደም ለውሼ ነው የማደርገው።»

ሌላ ሰው ይኼን ቢሰማ ወንበሩን ትቶ ይሮጥ ነበር። የውሃልክ ፊት ግን በራ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ነዋ! እንጨት ሲነደል ቁራጭ ትወትፍበታለህ፣ የቀረውን ሽንቁር ሰጋቱራ በኮላ ለውሰህ ትደፍናለህ፣ ሲደርቅ ትልገዋለህ፣ አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሐኪም የሚለው ነገር ከሥር እስከ ጫፍ ገባው። ቤቱ ሲደርስ ለባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየሣለ አስረዳት። እሷም ሰምታ ሰምታ «የከብቱ ነገር ይሁን፣ ብቻ ማታ ማታ እምቧ እንዳትልብኝ» አለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ፤ እሱ አፉን በእጁ ሸፍኖ።

ቀኑ ደረሰ። ጥርሱን ነክሶ ቻለው እንዳይባል የሚነክሰው የታች ጥርስ የለውም፤ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ቻለው። ማደንዘዣው ሕመሙን ቢወስድም ድምፁን አልወሰደም። መሰርሰሪያው ሲዞር ፍጥነቱን በጆሮው ለካ። ሐኪሟ ቁራጯን ፈልቅቃ ስታወጣ የተሰማችውን ቀጭን ስንጥቅታም አወቃት፤ ደረቅ እንጨት በመሮ ሲነሳ እንደዚያ ነው የሚለው። ቁራጯ በትንሽ ብሎን ታሰረች፣ ዱቄቱ ተሞላ፣ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ የመሰለ ነገር ተነጠፈበት፣ ድዱ ተመልሶ ተሰፋ።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ትእዛዟን ሰጠች። «በጣትም በምላስም እንዳይነኩት። እኔ እስክልዎት ድረስ ሰው ሠራሹን ጥርስ አያድርጉ። ለስላሳ ለስላሳ ይብሉ። ስፌቱ ከተከፈተ ወይም አሸዋ የመሰለ ነገር አፍዎ ውስጥ ካገኙ በዚያው ሰዓት ይደውሉልኝ፤ ነገ የሚባል የለም። አጥንቱ እስኪይዝ ወራት ይፈጃል።»

«ገባኝ ልጄ» አለ ውሃልክ በደነዘዘ ከንፈሩ። «ሞርሳ ጥርቅም አድርጎ የያዘው ሥራ እስኪደርቅ አይነካም።»

ይኼን ሲል ከልቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ መነኩሴ ኖረ። አገጩ አብጦ ጎደለ፣ ክሩ ወጣለት፣ ሐኪሟም «ጥሩ ነው፣ እንዲሁ ይቀጥሉ» ብላ አሰናበተችው። አሁን የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ አናጢን ያሳብዳል። አናጢ የደፈነው ሽንቁር መድረቁን የሚያውቀው በሰዓት አይደለም፣ በአውራ ጣቱ ነው። ጠርዙን በጥፍሩ ጫን ያደርገዋል፤ ከሰረጎደ አልደረቀም፣ እምቢ ካለ ደርቋል። ውሃልክ ይኼን ያህል ዘመን ሲያደርገው ከመኖሩ የተነሳ እጁ ፈቃድ መጠየቅ ትቷል። አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አውራ ጣቱ ድዱ ላይ ሄዶ አረፈ፤ ጫን አደረገው። እምቢ አለው። «ጎሽ!» አለ መስታወቱን።

ከዚያ በኋላ የየጠዋቱ ሥራው ሆነ። ፊቱን ይታጠባል፣ ጫን ያደርጋል፣ ደስ ብሎት ይወጣል። ሐኪሟ ያለችውን ረስቶት አይደለም፤ መንካት ያለችው መጎርጎሩን እንጂ ይቺን አይመስለኝም ብሎ ለራሱ ፈርዶ ነው። ሰው ለራሱ ሲፈርድ ቸር ነው መቼም።

አንድ ቀን ምላሱ ላይ ትንንሽ ጠጣር ነገሮች አገኘ። መዳፉ ላይ ተፋቸው፤ ነጫጭ ፍርፋሪ ናቸው። ልቡ ድንግጥ ማለት ነበረበት፤ አላለም። የአናጢ ጭንቅላቱ ወዲያው መልስ ሰጠዋ። ድፍን ሲደርቅ ትርፉ ይረግፋል፤ ብርጭቆ ወረቀት ስታሳልፍበት ደግሞ ጭራሽ እንደ ዱቄት ይበናል። መራገፉ የመድረቁ ምልክት ነው።

«ትርፉን እያራገፈ ነው» አላት ባለቤቱን፣ ኮራ ብሎ።

«ሐኪሟ እንዲህ ይሆናል ብላሃለች?»

«ሐኪሟ አጥንት ታውቃለች፤ ድፍን ግን እኔን ትጠይቀኝ።»

«ደውልላት አንተ ሰውዬ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሳምንቱ አፉ መሽተት ጀመረ። ቀጥሎ አገጩ አበጠ፣ ትኩሳት ነካካው፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ለባለቤቱ «ለቀጠሮ ነው» ብሎ ብቻውን ሄደ። ቀጠሮ አልነበረውም።

ሐኪሟ አፉን አስከፍታ አየች። መብራቱን አስጠጋች። ስፌቱ የነበረበት ቦታ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው ቁራጯ አጥንት አፍጥጣ ትታያለች፤ ዙሪያዋን መግል ይዟል።

«በምን ነካኩት አባባ?»

ውሃልክ አውራ ጣቱን አነሳ። ቫርኒሽ ያጠቆረው፣ ጥፍሩ እንደ ቀንድ የወፈረ ጣት ነው። ሐኪሟ ጣቱንም እሱንም አየች፤ ጭንብሏን አውርዳ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ክሩ ከወጣ ጀምሮ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ መድረቁን ልይ ብዬ።» ከዚያም ስለ ሰጋቱራውና ስለ ኮላው፣ ስለ ትርፉም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ሲናገር በራሱ ጆሮ እንኳ የጅል ወሬ መሰለው።

ትቆጣኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ተቆጥታለችም፣ ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰጋቱራው እኮ እንጨት የመሆን ሐሳብ የለውም አባባ። ተጣብቆ ይቀመጣል፣ አበቃ። ይኼኛው ግን ገና ሊኖር ነው የሚታገለው። ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች ናቸው እየሄዱ የሚይዙት። ሌሊቱን ይይዛሉ፣ እርስዎ ጠዋት ተነስተው ይበጥሷቸዋል። እምቢ ያለዎትም ስለያዘ አይደለም፤ ከሥር ያለችው ቁራጭ እኔ ያሰርኳት ናት።»

ውሃልክ ጣቱን ደብቆ ጭኑ ሥር አደረገው።

«ዱቄቱ ሄዷል። ቁራጯም ሞታለች፤ ዛሬ አወጣታለሁ» አለች። «ይጸዳል፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ድዱ እስኪሽር እንጠብቃለን። ከዚያ ከሌላው የመንጋጋዎ ማዕዘን አጥንት ወስደን እንደገና እንጀምራለን። ይቻላል፣ ተስፋ የለውም እያልኩ አይደለም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሲቆጠር ከዓመት በታች አይሆንም።»

«ዓመት!» አለ ውሃልክ። ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። ለሕመሙ አይደለም፤ ለባለቤቱ የሚላት ነገር ስላጣ ነው። ይስተካከልና አብረን እንበላለን ብሏታል። ሊስተካከል ተቃርቦ የነበረውን በገዛ ጣቱ አፈረሰው። አሁን ደግሞ በየትኛው አፉ ሌላ ዓመት ጠብቂ ይበላት?

«ለእማማ እኔ ልደውልላቸው?» አለች ሐኪሟ።

«አይ፣ ራሴ እነግራታለሁ» አላት። ሊነግራት ግን አላሰበም።

ቤቱ ሲደርስ በዋናው በር አልገባም፤ በጎን በኩል ዞሮ ወርክሾፑ ገባና ቀረቀረ። መንጋጋው በጨርቅ ታስሯል። ያላለቀ ቁም ሣጥን ፊት ተቀምጦ ምንም ሳይሠራ መሳቢያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ባለቤቱ በሩን አንኳኳች።

«ምን አለችህ?»

«ደህና ነው አለች።»

«ደህና ከሆነ ክፈታ።»

«ሥራ ላይ ነኝ። ሾርባውን እዚያው አስቀምጪው፣ አነሳዋለሁ።»

ኮቴዋ ወደ ቤት ሲመለስ ሰማና ተነፈሰ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ኮቴዋ ተመልሶ መጣ፤ ቀጥሎ ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ውሃልክ ብድግ አለ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያዎቹ በውጭ በኩል ናቸው። ከአናጢ ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ደግሞ የማጠፊያ ዘንግ ከሥር በካቻቢቴ ደግፈው በመዶሻ ሲመቱት ወደ ላይ እንደሚወጣ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። የታችኛው ወጣ። የላይኛው ወጣ። በሩ አንዴ ተንገጫገጨና ከነመቀርቀሪያው ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ባለቤቱ ገፋ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

በአንድ እጇ መዶሻ ይዛለች። መዶሻውን አስቀምጣ ሾርባውንና ዳቦውን በትሪ አስገባች፤ ሁለት ሳህን ነው። የታሰረ ፊቱን አየችው። «በጣትህ ነው አይደል?» አለችው። መጠየቋም አልነበረም። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት ድዱን እየነካ «ጎሽ!» ሲል እየሰማች ኖራለች።

ውሃልክ ራሱን ነቀነቀ። «ከእንደገና ነው። ዓመት ይፈጃል። አንቺ... እንግዲህ ዓመት...»

«ሌላ ዓመት ብቻዬን ልብላ?»

ውሃልክ መሳቢያውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ስማኝ» አለች፤ የቁም ሣጥኑን መሳቢያ ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ባሌ ሞቶ ቢሆን ጎረቤት ይመጣልኝ ነበር። ‹ብቻዋን ናት› ብለው አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። ባሌ በሕይወት እያለ፣ አጥር ግቢው ውስጥ እያለ ብቻዬን ሲያስበላኝ ማን ይምጣልኝ? ለማን ልንገር? አፍህ ዓመት ይፍጅ አሥር ዓመት ይፍጅ የሐኪሟ ጉዳይ ነው። እኔ ዛሬ እዚህ ነው የምበላው።»

«ዞር በይልኝ እሺ። ስበላ አትዪኝ።»

«አልዞርም።»

ውሃልክ ማንኪያውን አነሳ። የመጀመሪያው ማንኪያ ግማሹ በደነዘዘ ከንፈሩ ጥግ ወርዶ ጨርቁን አራሰው። እሷም አየችው፤ እንዳላየች አልሆነችም። «ቀስ በል፣ ትኩስ ነው» አለችና የራሷን ሳህን ሳብ አድርጋ፣ የጎረቤታቸው ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ለሁለተኛ ጊዜ ስለመፍሰሱ፣ የጎረቤትየውም ሚስት ባሏን ጣሪያ ላይ አስወጥታ መሰላሉን እንዴት እንደወሰደችበት ታወራለት ጀመር። ሁለተኛው ማንኪያም ፈሰሰ። ሦስተኛው ገባ።

እየቆየ ቀና ብሎ ሊያያት ቻለ። ስትበላ ካያት ሁለት ዓመት አልፏል። ዳቦውን ድሮ እንደምታደርገው አትገምጠውም፤ በጣቶቿ ቆንጥራ ቆንጥራ በግራ በኩል ወደ ጥግ ታስገባለች፣ አንገቷን ትንሽ ዘመም አድርጋ በዚያው በኩል ብቻ ታኝካለች። ቀኝ ጉንጯ አይንቀሳቀስም።

«ምነው በግራ ብቻ?» አላት።

«ምኑ?»

«የምታኝኪው።»

«እ፣ የቀኙማ ከተነቀለ ቆየ እኮ።»

«ምኑ ተነቀለ?»

«ሁለት የመንጋጋ ጥርሴ። አምና። ሲያሰቃየኝ ከርሞ አስነቀልኩት።»

«ማን ወሰደሽ?»

«ማን ይወስደኛል? ራሴ ሄድኩ።»

«እኔ የት ነበርኩ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ነገሩን ከዚህ በፊት አስባበት አታውቅም፤ አሁን ከልቧ አሰበችበት። «ልነግርህ ነበር» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ግን እራት ላይ ነው የሚነገረው።»

ውሃልክ ማንኪያውን አስቀመጠ። አምና ከሆነ አጥንቱ መሄድ ጀምሯል። ሐኪሟ በእስክሪብቶ ያሳየችው ያ መስመር የባለቤቱም አፍ ውስጥ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ እሱ በር ቀርቅሮ ለራሱ አፍ ሲያፍር የእሷን አንድ ቀን አላየም። እንባው በሾርባ በራሰው ጨርቅ ላይ ወረደ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«አፍሽን ክፈቺ እስቲ» አላት።

«እየበላሁ ነው አንተ!»

«ክፈቺ ልየው።»

ዋጠችና ከፈተች። የሥራ መብራቱን ስቦ አቀረበው፣ አገጯን በመዳፉ ደግፎ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከኋላ በኩል ድዱ ባዶ ነው፤ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ብዙ አየው። እሷም አፏን እንደከፈተች ጠበቀችው።

«ነገ አብረን ነው የምንሄደው» አላት። «መጀመሪያ አንቺን ታይሽ።»

«እሺ» አለች፤ አፏን ገጥማ ሳህኑን ወደሱ ገፋች። «አሁን ብላ፣ በረደ።»